አራስ ቤት የገቡ ዓሦች

ደብረ ብርሃን፣ የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀትር ላይ፤ ሳሎኑ ለክርስትናው ድግስ ቀለምና ቫርኒሽ ሲቀባ አርፍዶ፣ አራሷ ቤዛዊት፣ ሕፃን ልጇ፣ የባሏ አኳሪየም (የዓሦቹ የመስታወት ሳጥን) እና ሊያርሷት የመጡት እናቷ ወይዘሮ አጸደ መኝታ ቤቱ ውስጥ በር ዘግተው ተቀምጠዋል።

ቤዛዊት፦ እማዬ፣ ከመስኮቱ ዞር በይልኝ ስልሽ! ለአንድ አፍታ ብቻ ነው የምከፍተው።

ወ/ሮ አጸደ፦ አልዞርም። ንፋስ ለመምታት አንድ አፍታ ይበቃዋል።

ቤዛዊት፦ ዓሦቹ እየሞቱ ነው እኮ! ተመልከቻቸው፣ ሁሉም ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ወ/ሮ አጸደ፦ ርቧቸው ይሆናላ። ትንሽ ፍርፋሪ ጣል አድርጊላቸው።

ቤዛዊት፦ ጠዋት አብልቻቸዋለሁ። ይሄ የረሃብ አይደለም፣ የትንፋሽ ነው። የሳሎኑ ቫርኒሽ እዚህ ገብቷል እልሻለሁ።

ወ/ሮ አጸደ፦ በየት በኩል? በበሩ ስር እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቄያለሁ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር በጥጥ ደፍኛለሁ። ዝንብ ያልገባበትን ቤት ሽታ በየት ይገባበታል?

ቤዛዊት፦ እሱ ነው እኮ ያስፈራኝ። በየት እንደገባ አላውቅም፤ ግን ገብቷል።

ወ/ሮ አጸደ፦ አፍንጫ አለኝ አይደል? እኔ የሚሸተኝ ጤና አዳም ብቻ ነው።

ቤዛዊት፦ ጤና አዳሙን አፍንጫሽ ውስጥ ሰክተሽ ሌላ ምን ሊሸትሽ ኖሯል?

ወ/ሮ አጸደ፦ ታዲያ አራስ ቤት ያለ ጤና አዳም ይዋላል እንዴ? ለምች ነው። ለልጁም በጨርቅ ቋጥሬ ትራሱ ጎን አድርጌለታለሁ። ይኸው እንዴት ያለ እንቅልፍ ወስዶታል! ዛሬስ ድምፁንም አላሰማን፤ አምላክ ይባርከው።

ቤዛዊት፦ እኔ ግን ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።

ወ/ሮ አጸደ፦ ምች ነው አልኩሽ።

ቤዛዊት፦ አንቺስ? ቅድም ከወንበሩ ስትነሺ ግድግዳውን ይዘሽ አልነበር?

ወ/ሮ አጸደ፦ እኔማ ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ፣ ራሴን ቢያዞረኝ ምን ይገርማል?

ቤዛዊት፦ አንቺን ጾሙ፣ እኔን ምቹ፣ ዓሦቹን ረሃቡ። ሁላችንንም በአንድ ቀን!

ወ/ሮ አጸደ፦ አሽሟጣጭ! አራስ እንዲህ አትበሳጭም፣ ወተቷ ይነጥፋል።

ቤዛዊት፦ ይድነቃቸው አደራ ብሎኝ ነው የሄደው። «ከቫርኒሹ ብቻ ጠብቂልኝ፣ ቲነር የገባበት ውሃ ውስጥ ዓሣ አይተርፍም» ብሎኛል። አሁን ስደውልለት ስልኩ አይነሣም፤ መኪና ላይ ይሆናል።

ወ/ሮ አጸደ፦ እንዲያው የዘንድሮ ባል! ሚስቱን አደራ ሳይል ዓሣውን አደራ አለ።

ቤዛዊት፦ ሚስቱንማ ላንቺ አደራ ሰጥቶ ነው።

ወ/ሮ አጸደ፦ እሱስ ጨዋ ነው፣ አይታማም። አመሉ ነው እንጂ። ሰው ለክርስትና በግ ያደልባል፣ የኔ አማች ዓሣ ያደልባል። ለዚያውም የማይበላ። አንዳንዴ ያቺን ቀይዋን ሳያት የንስሐ አባቴን «ዓሣ በጾም እንዴት ነው?» ልላቸው ያምረኛል።

ቤዛዊት፦ ከሐዋሳ ድረስ በላስቲክ ይዞ፣ አውቶቡስ ላይ ጃኬቱን አልብሷቸው ነው ያመጣቸው። እሱ ብርድ መቶት ሳምንት ተኛ፤ እነሱ ምንም አልሆኑ።

ወ/ሮ አጸደ፦ አየሽ? ንፋስ ነው የመታው። በራስሽ አፍ ተናገርሽው።

ቤዛዊት፦ ወይ እማዬ! ያቺ ያልሻት ቀይዋ በጎኗ ተኝታለች።

ወ/ሮ አጸደ፦ እንቅልፏ ይሆናል።

ቤዛዊት፦ ዓሣ በጎኑ አይተኛም! በእመብርሃን፣ ክፈቺልኝ። እሺ አትክፈቺው፤ ብርድ ልብሱን እንኳን ግለጪውና ስንጥቁ ትንሽ አየር ያስገባልን።

ወ/ሮ አጸደ፦ ስንጥቅ የለውም።

ቤዛዊት፦ ትናንትና ሲያፏጭ አልነበር?

ወ/ሮ አጸደ፦ ዛሬ አያፏጭም። ተዪኝ ቤዛ። የወንድምሽን ነገር እያወቅሽ በእመብርሃን አትለምኚኝ።

ቤዛዊት፦ እሱ የድሮ ነው እማዬ። እኔ እንኳን ሳልወለድ።

ወ/ሮ አጸደ፦ ለኔ የድሮ አይደለም። ክርስትና ሊነሣ ሲል ነው፣ ልክ እንደዚህ። አንዲት ነርስ ልትጠይቀኝ መጣችና «ቤቱ ታፍኗል፣ አየር ይግባለት» ብላ መስኮቱን በረገደችው። የታህሣሥ ውርጭ ሰተት ብሎ ገባ። በሳምንቱ ደረቱ ያንቋርር ጀመር፤ ከዚያማ አልሰነበተም። እንዳንቺው የተማረች ነበረች፤ ቃሏም እንዳንቺው ነበር። አሁን መስኮት ስትይኝ እሷን ነው የምሰማው። እፈራለሁ። ምን ልሁን ትይኛለሽ? እፈራለሁ!

ቤዛዊት፦ እኔም እፈራለሁ። ያኔ ግን ከበሩ ማዶ ቲነር አልነበረም። እኔ ቀድሞም ክርስትናው ይለፍ፣ ቀለሙ ይቆይ ብዬ ነበር።

ወ/ሮ አጸደ፦ የባልሽ ዘመዶች ከአንኮበር ሲመጡ ግድግዳው ጥላሸት ለብሶ ይዩት? «ልጃችንን ጉረኖ አስገቡት» እንዲሉ?

ቤዛዊት፦ አሁንስ ምን ሊሉ ነው? «ዓሦቹን ገደሉበት» ነው የሚሉት።

ወ/ሮ አጸደ፦ ይበሉ። ዓሣ ይሙት፣ ልጅ ይኑር። በቃ፣ ያን ያህል ነው።

ቤዛዊት፦ ዓሦቹ ያለቀባቸውን አየር ነው እኮ ልጁ የሚተነፍሰው! ይሄን ሁሉ የምጮኸው ለዓሣ ብቻ መሰለሽ?

ወ/ሮ አጸደ፦ አፍሽን ያዢ! እንዲህ ያለ ቃል አራስ ቤት አይነሣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማሽም?

ቤዛዊት፦ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውንስ አንቺ አልሰማሽም?

ወ/ሮ አጸደ፦ በቅጠል ነዋ! ጤና አዳሙ ይኸው።

ቤዛዊት፦ እሺ። እሺ፣ ተረጋግቼ ላስብ። ይድነቃቸው ሳጥኑን ወደዚህ አስገባው። ላዩን በፕላስቲክ ሸፈነው። አንቺ በሩን ደፈንሽው። ታዲያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ይሄ ምንድን ነው? ነይ እስቲ እዪው።

ወ/ሮ አጸደ፦ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ዞር ስል ልትከፍቺው ነው።

ቤዛዊት፦ አልከፍተውም። እግሬ እንኳን ይንቀጠቀጣል፣ በምን አቅሜ እቀድምሻለሁ? ነይ።

ወ/ሮ አጸደ፦ ምኑን ልይ? … ኧረ! ዘይት ይመስላል። ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው።

ቤዛዊት፦ ማን ጨመረበት?

ወ/ሮ አጸደ፦ እኔን እንዳትዪኝ! ቅቤ የነካ እጄን ሳልታጠብ አጠገቡም አልደርስ። ተዪው አሁን፣ አትነካኪው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ቤዛዊት፦ ይውጣ! ዘንዶው ካለ ይውጣና እንየው። ፕላስቲኩን አነሣሁት … ኡህ! እማዬ፣ ጤና አዳሙን ጣይውና ከዚህ ላይ አሽትቺ።

ወ/ሮ አጸደ፦ በስመ አብ! ቫርኒሽ!

ቤዛዊት፦ ከውሃው ውስጥ ነው የሚወጣው። አረፋው ነው የሚሸተው።

ወ/ሮ አጸደ፦ ውሃ እንዴት ቫርኒሽ ይሸታል? ሰው ነክቶታል። ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ትናንት «እንዴት ያምራሉ» እያለች ስታፈጥባቸው ነበር። ዓይን ነው።

ቤዛዊት፦ ዓይን ቲነር አይሸትም! … ቆይ። ዝም በይ እስቲ።

ወ/ሮ አጸደ፦ ምነው? ምን ሰማሽ?

ቤዛዊት፦ ምንም። ምንም አልሰማም። የዓሦቹ አየር ፓምፕ ለምን አይጮህም?

ወ/ሮ አጸደ፦ አረፋው ይወጣ የለ? ይሠራል ማለት ነው።

ቤዛዊት፦ አረፋው ይወጣል፣ ድምፁ የለም። ከራስጌዬ ነበር የተሰካው። የት ሄደ?

ወ/ሮ አጸደ፦ ያቺ እንደ ንብ ጥዝዝ የምትለው?

ቤዛዊት፦ አዎ፣ እሷ! የት አለች?

ወ/ሮ አጸደ፦ ልጁን እንቅልፍ ነሣችዋ! ጠዋት አንቺን ሸለብ ሲያደርግሽ አወጣኋት።

ቤዛዊት፦ ወዴት?

ወ/ሮ አጸደ፦ ሳሎን። እዚያው ትጥዘዝ ብዬ። ዓሦቹም እንዳይጎዱብሽ አስቤላቸዋለሁ፤ ቱቦውን አልነቀልኩትም። በበሩ ስር አሳልፌ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ጥርቅም አድርጌ …

ቤዛዊት፦ ወይኔ! ወይኔ እማዬ!

ወ/ሮ አጸደ፦ ምን አጠፋሁ? ረጅም ነው፣ ደረሰ እኮ።

ቤዛዊት፦ ፓምፑ አየሩን ከየት የሚያመጣው ይመስልሻል?

ወ/ሮ አጸደ፦ ከመብራቱ ነዋ። ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ።

ቤዛዊት፦ ከተቀመጠበት ቤት ነው! ያለበትን ቤት አየር ይስብና በቱቦው ይነፋዋል። ቀቢው ከመጣ ጀምሮ የሳሎኑን ቫርኒሽ እየሳበ ዓሦቹ ላይ ሲነፋ ነው ያረፈደው። ከውሃው ሲወጣ ደግሞ እዚህ ነው የሚቀረው። እኛ ላይ። ልጁ ላይ!

ወ/ሮ አጸደ፦ እኔ እኮ … እኔ በሩን ደፍኜ …

ቤዛዊት፦ ደፍነሽ አጠራቀምሽው። መግቢያ ሰጠሽው፣ መውጫ ከለከልሽው።

ወ/ሮ አጸደ፦ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ቀዳጇ እኔ ነኝ ቤዛ። በገዛ እጄ!

ቤዛዊት፦ አሁን የለቅሶ ጊዜ አይደለም። ቱቦውን ከውሃው አወጣሁት፤ እጠፊውና በክር እሰሪው። ጥብቅ አድርገሽ!

ወ/ሮ አጸደ፦ አሰርኩት። ይኸው፣ እስትንፋስም አይወጣው። ከንግዲህ ይለቀናል አይደል?

ቤዛዊት፦ የገባውስ ወዴት ይሄዳል? … እማዬ፣ ልጁ ጡት የያዘው መቼ ነው?

ወ/ሮ አጸደ፦ ጠዋት። ቀቢው መሰላሉን ሲያስገባ።

ቤዛዊት፦ ከዚያ ወዲህስ?

ወ/ሮ አጸደ፦ ተኝቷላ። ደስ ብሎኝ … ደስ ብሎኝ ዝም አልኩት።

ቤዛዊት፦ ትንሽ ሲርበው ፎቁን የሚያናውጥ ልጅ ዛሬ ምን ነክቶት ዝም አለ? ስጪኝ! ስጪኝ ወዲህ! … ማሙሽ። ማሙሽዬ። እማዬ፣ ዓይኑን አይገልጥም።

ወ/ሮ አጸደ፦ ጉንጩን ነካ ነካ አድርጊው። ውስጥ እግሩን ኮርኩሪው።

ቤዛዊት፦ ኮረኮርኩት። ይተነፍሳል፣ ግን ልፍስፍስ አለብኝ። ጡቱንም አይዝም። እማዬ ምን ሆነብኝ?

ወ/ሮ አጸደ፦ ወይኔ ልጄን! በሩን ልክፈተው!

ቤዛዊት፦ በሩን እንዳትነኪ! የሳሎኑ ሽታ በሙሉ ነው የሚገባብን። ቀቢው አቧራ እንዳይለጠፍበት የሳሎኑን መስኮቶች ዘግቶ ነው ምሳ የወረደው። መስኮቱን! ይሄን መስኮት ክፈቺው!

ወ/ሮ አጸደ፦ ቤዛ …

ቤዛዊት፦ አሁንም ስለ ንፋስ ልታወሪኝ ነው?

ወ/ሮ አጸደ፦ አይደለም። አይከፈትም።

ቤዛዊት፦ አይከፈትም ማለት?

ወ/ሮ አጸደ፦ ትናንት አንቺ ስትታጠቢ ቀቢውን ለመንኩት። ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈነልኝ። ስንጥቁን ሁሉ። አድሮ ደርቋል፤ ጠዋት ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ሆኗል።

ቤዛዊት፦ ለዚህ ነው ከፊቱ ተገትረሽ የዋልሽው?

ወ/ሮ አጸደ፦ እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው። ሌሊት በዚያ ስንጥቅ ሲያፏጭ ስሰማ፣ የሚጠራው ልጁን እየመሰለኝ …

ቤዛዊት፦ እማዬ፣ ልጄ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!

ወ/ሮ አጸደ፦ አይሞትም! ያዢው፣ ወደ ጥግ ሂጂ። እዚህ ቤት ከባድ ነገር የለም? ብረት፣ ድንጋይ፣ የሆነ ነገር!

ቤዛዊት፦ ድንጋይ … ከውሃው ውስጥ! ከታች፣ ያቺ ጥቁር ድንጋይ። ይድነቃቸው ከበሬሳ ወንዝ ያመጣት።

ወ/ሮ አጸደ፦ አገኘኋት። ኧረ ይሄ ውሃ እጄ ላይ ተጣበቀ። ይሄን ነው ምስኪኖቹ ሲጠጡ ያረፈዱት?

ቤዛዊት፦ ቶሎ በይ!

ወ/ሮ አጸደ፦ የልጁን ፊት በነጠላ ሸፍኚው፣ ዞሪ! … ከታች ያላችሁ! ከመስኮቱ ስር ራቁ! መስታወት ልሰብር ነው! ራቁ እናንተ!

ቤዛዊት፦ አይሰሙሽም፣ መስኮቱ ዝግ ነው እኮ! ምቺው ዝም ብለሽ!

ወ/ሮ አጸደ፦ እመብርሃን እርጂኝ! … ተሰነጠቀ፣ አልወደቀም። ደግሞ! … ይኸው! ወደቀ!

ቤዛዊት፦ ኡፍ! ብርዱ!

ወ/ሮ አጸደ፦ ከታች አንድ ሰው ይሳደባል። ከተሳደበ ደህና ነው፣ አልነካውም። ልጁስ?

ቤዛዊት፦ አላለቀሰም። እማዬ፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት አላለቀሰም። እጅሽ ይደማል።

ወ/ሮ አጸደ፦ እጄን ተዪው። ብርድ ልብሱን ስባሪው ላይ አንጥፌዋለሁ፣ እሱን እየረገጥሽ ነይ። አምጪው ወደዚህ።

ቤዛዊት፦ ንፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚገባው …

ወ/ሮ አጸደ፦ አምጪው አልኩሽ! ወደ ውጭ አዙሪው። ነጠላውን ግለጪለት።

ቤዛዊት፦ ማሙሽዬ … የኔ ጌታ … አፉን ከፈተ። እማዬ፣ ልክ እንደ ዓሦቹ አፉን ይከፍታል!

ወ/ሮ አጸደ፦ ይክፈት። ሳብ አድርገው የኔ አባት፣ ሳብ አድርገው። ያንተ ነው፣ ጠጣው።

ቤዛዊት፦ አነጠሰ! እማዬ አነጠሰ! … አለቀሰ! ሰማሽው?

ወ/ሮ አጸደ፦ ሰማሁት። ጠባሴ ሰፈር ድረስ ነው የተሰማው።

ቤዛዊት፦ ሐኪም ቤት እንውሰደው። አሁኑኑ ይዩልኝ።

ወ/ሮ አጸደ፦ ቀቢው ከታች ቆሟል፣ ልጥራው … አንተ! ምሳህን ተወውና ውጣ! የሳሎኑን መስኮት በሙሉ ክፈት! አቧራው ይለጠፍ፣ ጥንቅር ይበል! ባጃጅም ጥራልን! … እሺ ብሏል፣ ይሮጣል።

ቤዛዊት፦ ቀይዋ ሞታለች። ሁለቱ ግን አሁንም አፋቸውን ይከፍታሉ።

ወ/ሮ አጸደ፦ ለልጁ ገላ ከትናንት ያስቀመጥኩት ንጹሕ ውሃ ሳፋው ውስጥ አለ። እዚያ አደርጋቸዋለሁ።

ቤዛዊት፦ የልጁ ሳፋ ውስጥ? አንቺ?

ወ/ሮ አጸደ፦ እኔ ነኛ። ከነሱ ሌላ ማን ሆነና የነገረን? እኔማ ርቧቸው ነው ስል ነበር።

ቤዛዊት፦ እማዬ፣ እግሩ በረዶ ሆነ፣ ይንቀጠቀጣል። ነጠላውን አቀብዪኝ፣ ፊቱን ልሸፍነው። ንፋሱ ይመታዋል።

ወ/ሮ አጸደ፦ እግሩን ጠቅልይለት። ፊቱን ግን ተዪው ቤዛ፣ ይምታው።